አማካይ አፈር

አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ስሙ ይልቃል። የአንዲት ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች አዋጥተው የሚያሠሩትን የእናቶች ማዋለጃ ቤት መሠረት የማስላቱ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ሥራውን የሚወድ፣ ቁጥር አክባሪ፣ ትንሽ ደግሞ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ነበር።

መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ሽማግሌ ጉድጓድ ቆፋሪ በቦታው ሦስት ማዕዘኖች ላይ ቆፈሩ። በሁለቱ ማዕዘኖች አንድ ሜትር ያህል ቀይ አፈር፣ ከሥሩም አለት ተገኘ። በሦስተኛው ግን ከቀዩ ሥር ልል ጥቁር ጭቃ መጣ፤ አራት ሜትር ተኩል ወርደውም አላለቀም።

«ኢንጂነር፣ ይሄኛው እንደነዚያ አይደለም፤ ይዩት» አሉት።

«አያስቡ ጋሼ፣ አማካዩን እንወስዳለን» አለ ይልቃል፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሞዴሉን ሲሠራ የሦስቱን ጉድጓዶች ውጤት ደምሮ ለሦስት አካፈለና ግድግዳውን ከሚሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት፣ ከመሠረቱ ቢም፣ ሥር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አፈር አነጠፈ። ቢሙ በስሌቱ ላይ ለምልክት ያህል ብቻ ጎበጥ ብሎ ጭነቱን ቻለ። ይልቃልም ፈረመ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈረመው የትም ለሌለ መሬት ነበር።

ቤቱ አለቀ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ ምረቃው ለመጪው እሑድ ተቆርጦ ሳለ፣ በዚያ በሦስተኛው ማዕዘን ግድግዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። ክፍሉ እናቶች የሚተኙበት ነው። ይልቃል ለጠየቀው ሁሉ «የልስን ነው፣ ሲደርቅ ያለ ነው» እያለ አለፈ፤ ሰው ዞር ሲልለት ግን ስንጥቋ ላይ ጀሶ ለጠፈባት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይከፈላል።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው። ደመና ባየ ቁጥር ጀሶውን ሊያይ ይሮጣል። ሰው እያነጋገረው ዓይኑ ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል። ረቡዕ ጀሶው ለሁለት ተከፈለ። ሌላ ለጠፈ፤ ዓርብ ጠዋት እሱም ተከፈለ። አዋላጇ ሲስተር ጽዮን ለራሷ እያንጎራጎረች የመጀመሪያውን አልጋ ታነጥፋለች፤ የአልጋው ራስጌ ከስንጥቋ ሥር ነው።

ይልቃል በዝናቡ ወደ ጋሽ ደምሰው ቤት ሮጠ። «ጋሼ፣ አማካዩ እኮ ደህና ነበር!» አላቸው እንደመማጸን ብሎ።

ሽማግሌው ረጋ ብለው አዩት። «አርባ ዓመት ቆፍሬያለሁ ልጄ። አማካይ የሚባል አፈር አካፋዬን ነክቶት አያውቅም።»

ተመልሶ ሞዴሉን እንደ አዲስ ሠራ፤ ቀዩን እንደ ቀይ፣ ጭቃውን እንደ ጭቃ፣ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀመጠ። በዚያ ማዕዘን ቢሙ ጭነቱን አልቻለም። ቤቱን ወደሚያሠራው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደ ወይዘሮ አስካለ ሄደ።

«ምረቃው ይቅር። አልጋውም አሁኑኑ ይውጣ።»

«ምነው? ደህና ነው ብለህ ፈርመህ የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ። መጥፎውን ማዕዘን ደህናዎቹ ውስጥ ደብቄው ነው።»

አልጋው ወጣ፤ ማዕዘኑም በባላ ተደገፈ። በማግስቱ ጋሽ ደምሰው ከቢሙ ጎን ቆፈሩ። ሥሩ ሲደርሱ እጃቸውን ከቢሙ በታች ሰደዱ፤ እስከ ክርናቸው ገባ። አፈሩ ሸሽቷል። ቢሙ ያን ሁሉ ቀን ማዕዘኑን ብቻውን ተሸክሞ ባዶ አየር ላይ ነበር። ሲስተር ጽዮን ያወጣችውን ፍራሽ እንዳቀፈች ቁጭ አለች።

መሠረቱ እስከ አለቱ ተቆፍሮ እንደገና ተሠራ፤ ምረቃውም ለመስከረም ተላለፈ። የይልቃል ስም በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። እሱ ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ወዳጆቼ፣ እኛም ስለ ቤታችንና ስለ መሥሪያ ቤታችን ስንጠየቅ «በአጠቃላይ ደህና ነን» ማለት ይቀናናል። የብዙዎች ጥንካሬ ግን የአንዱን ድካም አይሞላም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ስለ ሁላችሁም ደህንነት ከመናገራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እያንዳንዱን እዩ። አሁን፣ ይህን በምታነቡበት ሰዓት፣ ከመካከላችሁ ሥሩ ባዶ ሆኖ ዝም ብሎ የተሸከመው ማን ነው?