የእማማ ዘነበች ጀሪካንና ግማሽ የለበሰው ሳጥን

ተረት ተረት። «የመሠረት» ካላችሁኝ፣ መሠረቱስ ተጥሏል፤ ሪባኑም ተቆርጧል፤ ጭብጨባውም ተጨብጭቧል። እኔ የማወጋችሁ ከጭብጨባው በኋላ የሆነውን ነው።

ቀይ አፈር በምትባል ቀበሌ እማማ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ስማቸው ዘነበች ይሁን እንጂ ዝናብ ካዩ አምስት ወር አልፏቸዋል። ከጓሯቸው ሦስት መደብ የበርበሬ ችግኝ አፍልተዋል፤ የዓመት ኑሯቸው እሱ ነው፣ ሌላ የላቸውም። ችግኙ ቀትር ላይ አንገቱን ይደፋል፣ ሲመሽ ደግሞ እንደምንም ቀና ይላል። አንድ ቀን ግን መሽቶም ሳይቀና ቀረ። እማማ ዘነበች ክፉኛ ደነገጡ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ጀሪካን ውሃ።

በማግስቱ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ወደ ቦኖው ወረዱ። ቧንቧውን ቢከፍቱት ነፋስ ተነፈሰባቸው።

«አንተ ቧንቧ፣ ምነው ጨከንክ? ችግኜ እኮ አንገቱን ደፋ!»

«ሞተሩ ካልገፋልኝ ከየት አምጥቼ ልስጥዎት? ጠብ አልልም» አለ ቧንቧው።

ቧንቧ ጠብ አልልም አለ፣ ችግኝ አንገቱን ደፋ። እማማ ዘነበች ወደ ሞተሩ ሄዱ።

«አንተ ሞተር፣ ተነስና ግፋ እንጂ!»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራ» አለ ሞተሩ ኮራ ብሎ። «ያልታዘዝኩትን ሠርቼ በኋላ ግምገማ ላይ ልቁም? ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልገፋም።»

ሞተር አልገፋም አለ፣ ቧንቧ ጠብ አልልም አለ፣ ችግኝ አንገቱን ደፋ። እማማ ዘነበች ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ሳጥኑ ከሞተሩ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ከዳቦ የማይበልጥ ግራጫ ነገር ነው። ውስጡ ትንሽዬ ኮምፒውተር አለች፤ ሊኑክስ በሚሉት ሲስተም የምትሠራ። ሞተሩን ተነስ የምትል፣ ተኛ የምትል እሷ ናት።

«አንተ ሳጥን፣ ሞተሩን እዘዘው እንጂ!»

«ምን ሆኜ ልዘዝ? ራቁቴን ነኝ!» ብሎ ሳጥኑ ለቅሶ በሚመስል ድምፅ መለሰ። «የውሃው ምርቃት ለታ ሰው ሁሉ ባለበት ሲስተሜን በአዲስ እንቀይርልህ አሉኝ። ዛሬ አይሆንም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብል ማን ሰምቶኝ? አሮጌ ልብሴን አውልቄ፣ ከአዲሱ አንድ እጅጌ እንዳጠለቅሁ፣ ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ‹ይህን ጩኸት አጥፉልኝ፣ ንግግሬ አልተሰማም› ብለው መብራት የሚሰጠኝን ጄኔሬተር አስጠፉብኝ። ይኸው በአንድ እጅጌ ሦስት ሳምንቴ። እርስዎም እኮ እዚያው ነበሩ፤ አጨብጭበዋል።»

እማማ ዘነበች አፈሩ። አዎ፣ አጨብጭበዋል። መዳፋቸው እስኪቀላ ነው ያጨበጨቡት፤ ሰው ሲያጨበጭብ ማን ዝም ይላል?

«ታዲያ ማን ያልብስህ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሙሉ ሲስተም በሚሞሪ ካርድ ይምጣልኝ። አለዚያ አላዝም።»

ሳጥን አላዝም አለ፣ ሞተር አልገፋም አለ፣ ቧንቧ ጠብ አልልም አለ፣ ችግኝ አንገቱን ደፋ። ካርዱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ከጥፍር የማይበልጥ ሆኖ፣ በፌስታል ታስሮ፣ እዚያው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «እኔ ባዶ ነኝ፤ ላፕቶፕ ይጻፍብኝ» አለ። እማማ ዘነበች ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ጀሪካናቸውን እንደያዙ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደረሱ።

ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተከድኖ ተኝቷል። «ይርዳው ካልከፈተኝ አልጽፍም» አለ። ይርዳው ባለሙያው ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ፈሪ ነው።

«እማማ፣ ሥራውስ አንድ ሻይ ጠጥተው እስኪነሱ ነው» አላቸው እጁን እያፍተለተለ። «ግን ያለ ደብዳቤ ከነካሁት፣ ሳጥኑን ያበላሸው ይርዳው ነው ይባላል። በኋላ ማን ይመሰክርልኛል?»

«እኔ እመሰክርልሃለሁ፣ ልጄ!»

«እርስዎ ማህተም የለዎትም» አለ ይርዳው።

ይርዳው አልነካም አለ፣ ላፕቶፕ አልጽፍም አለ፣ ካርድ ባዶ ነኝ አለ፣ ሳጥን አላዝም አለ፣ ሞተር አልገፋም አለ፣ ቧንቧ ጠብ አልልም አለ፣ ችግኝ አንገቱን ደፋ። ደብዳቤው የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከተጻፈ ሦስት ሳምንቱ! ተፈርሞም አልቋል። ሰናይት በምትባለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፊት ለፊት ተዘርግቶ አቧራ ይጠጣል። «ማህተም ያልነካው ደብዳቤ የስኳር መጠቅለያ ነው፤ አልሄድም» አለ። ማህተሙም ከጎኑ ጋደም ብሎ «የቀለም ስፖንጁ ሳይርስ ምን ይዤ ልምታ? አልመታም» አለ። ስፖንጁም «ደረቅሁ!» አለ።

«ምን ላድርግ እማማ» አለች ሰናይት፣ የቀለሙን ስፖንጅ በጥፍሯ ኳ ኳ እያደረገች። «አንድ ጠብታ ውሃ ይበቃው ነበር። ግን ውሃ የለም። ቧንቧው ከቆመ ሦስት ሳምንቱ አይደል?»

እማማ ዘነበች ስቀውም አልቅሰውም ሊሆን ይችላል፤ ከፊታቸው አይለይም ነበር። በተከፈተው በር አሻግረው ቢያዩ፣ በአቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛ ላይ ስድስት የታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ተደርድሯል። አቶ ልሳነወርቅ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት የሚወዱ፣ ሲናገሩ የሚያድሩ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ከዚያች ውሃ አንዲት ጠብታ ቢፈቅዱልኝ፤ ለማህተሙ ነው።»

«እማማ፣ ይህ የእንግዳ ውሃ ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ያለ ደብዳቤ አይከፈትም።»

«ደብዳቤውንስ ማን ይጽፋል?»

«እኔ እጽፋለሁ። ሰናይት ማህተም ታደርግበታለች።»

ስፖንጅ ደረቅሁ አለ፣ ማህተም አልመታም አለ፣ ደብዳቤ አልሄድም አለ፣ ይርዳው አልነካም አለ፣ ላፕቶፕ አልጽፍም አለ፣ ካርድ ባዶ ነኝ አለ፣ ሳጥን አላዝም አለ፣ ሞተር አልገፋም አለ፣ ቧንቧ ጠብ አልልም አለ፣ ችግኝ አንገቱን ደፋ። እኔ እንኳ ስቆጥረው ደከመኝ፤ እሳቸው በእግራቸው ነው የዞሩት።

እማማ ዘነበች ተመልሰው ሰናይት ፊት ቆሙ። «እስቲ አንዴ አምጪው፣ ልመርቅልሽ» አሉ። ሰናይት ሽማግሌ ሲመርቅ እምቢ አይባልምና ስፖንጁን ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው።

«እንትፍ! የያዝሽውን ያርጥበው። እንትፍ! ደረቅ ልብ ያርስ። እንትፍ! የእንግዳውን ውሃ ለእንግዳው ያድርስ።»

ምርቃት ነው እንዳይባል ፊታቸው ጠቁሯል፤ እርግማን ነው እንዳይባል ስፖንጁ ርሷል። ስፖንጁ ማህተሙን አቀለመ፣ ማህተሙ ደብዳቤውን መታ፣ ደብዳቤው ይርዳውን አዘዘ፣ ይርዳው ላፕቶፑን ከፈተ፣ ላፕቶፑ ካርዱን ሞላ። ይርዳው እማማ ዘነበችን በሞተር ሳይክሉ ኋላ ጭኖ ቀይ አፈር አደረሳቸው፤ ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ሳጥኑም መልበስ ጀመረ።

አንድ እጅጌ። ሁለተኛ እጅጌ። ቁልፉን ሊቆልፍ ሲል በአቧራ የተጠቀለለች መኪና መጥታ ቆመች። አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ለካ ውሃው ዳግም ሊመረቅ ነው! ወረቀታቸውን ዘረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሕዝቡም ተሰበሰበ።

«ይህን ጩኸት አጥፉልኝ!» አሉ ወደ ጄኔሬተሩ እየጠቆሙ።

የይርዳው ፊት አመድ መሰለ። አንዱ ዘበኛ ልማድ ሆኖበት ወደ ማጥፊያው ሮጠ። ግን እማማ ዘነበች ቀድመውታል፤ ጀርባቸውን ማጥፊያው ላይ ደግፈው፣ ጀሪካናቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። በዕድሜያቸው ባለሥልጣንን እምቢ ብለው አያውቁም።

«ይናገሩ ጌታዬ!» ብለው ጮኹ። «ይናገሩ፣ እየሰማንዎት ነው!»

«ምን አሉኝ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«እየሰማንዎት ነው!»

አቶ ልሳነወርቅም ደስ ብሏቸው ቀጠሉ። ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ እሳቸው ይጮኻሉ፤ አፋቸው ሲከፈት እንጂ ቃል ሲወጣ የሰማ የለም። በዚህ መሃል ሳጥኑ ለብሶ ጨረሰ፣ ሳጥኑ ሞተሩን አዘዘ፣ ሞተሩ ውሃውን ገፋ፣ ቧንቧው ጠብ አለ፣ ከጠብም አልፎ ፏ አለ። ሕዝቡ ንግግሩን ጥሎ ወደ ቦኖው ጎረፈ። የመጀመሪያው ጀሪካን የእማማ ዘነበች ሆነ፤ ማንም ወረፋ ያዙ አላላቸውም።

አቶ ልሳነወርቅ ንግግራቸውን ጨርሰው ፈገግ ብለው ጭብጨባ ጠበቁ። ይርዳው እንኳ ልማድ ሆኖበት ሁለቴ አጨበጨበ። እማማ ዘነበች ግን አላጨበጨቡም። እጃቸው ጀሪካን ይዟል፤ ችግኛቸውም እየጠበቃቸው ነበር።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ የሚባለውን ለዛሬ ትቼላችኋለሁ፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃኛል፣ ያውም ያለ ደብዳቤ።