ጠጋ በል

ከሰርዶ ግርጌ መንደር ተነሥቶ ወደ አፋፍ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው፣ ዳገቱን አጋምሶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ሲጀምር፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋዩ አራት ሰው ያስቀምጣል። የአገሩ ሰው ግን የቱንም ያህል ቢደክመው በግራው በኩል ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ሁለት ሲሆኑ ጎን ለጎን፣ ሦስት ሲሆኑ አንዱ ቆሞ፣ የቀኙን ግማሽ ባዶውን ይተዉታል። እንግዳ ሰው ባለማወቅ በዚያ በኩል ቢቀመጥ አይቆጡትም፤ «ጠጋ በል» ብቻ ይሉታል። የድንጋዩም ስም ይኸው ነው፣ ጠጋ በል። ታማሚ በቃሬዛ ይዘው ወደ ሩፋኤል ጠበል የሚወጡ ሰዎችም እዚያ ሲደርሱ የግድ ያሳርፋሉ፤ ቃሬዛውን በግራው በኩል አስቀምጠው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ማንም ማንንም ሳያጣድፍ ትንሽ ይቆያሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ግን ድሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ ቃሬዛ መሬት አይነካም ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ከመንደሩ እንደ ተነሡ በሩጫ ይወጣሉ፣ ትከሻ የዛለ ሰው ሲኖር ሌላው እየሮጠ ይቀበለዋል፣ ታማሚው ቢጮህም ቢያለቅስም እስከ ጠበሉ ድረስ የሚያሳርፈው የለም። ምክንያቱም መልአከ ሞት ሰይፉን መዝዞ ከኋላ እየተከተለ ነው፣ ቃሬዛው ከቆመ ይደርስበታል ይባል ነበር። በዚህ የተነሣ ስንቱ ሰው መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ እንደ ሞተ የሚያውቅ የለም። ሲሞቱም ፊታቸውን ያየ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ፊት ነበር የሚያየው።

ይህ ልማድ የመጣው የኔታ ሥነ ጊዮርጊስ ከሚባሉ የመጻሕፍት መምህር አንደበት ነው ይባላል። የኔታ ገና ጎልማሳ ሳሉ በአገሩ ክፉ በሽታ ገብቶ ነበርና፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው በዳዊት ዘመን ስለ ወረደው መቅሠፍት አስተማሩ፤ ሕዝቡን ይመታ የነበረው መልአክ ሰይፉን እንደ መዘዘ በኦርና አውድማ አጠገብ መቆሙን፣ እግዚአብሔርም «በቃ፣ እጅህን መልስ» ማለቱን ነገሯቸው። ሊሉ የፈለጉት ስለ ምሕረቱ ነበር። ሕዝቡ ግን ፈርቶ ነበርና ሰይፉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ «በቃ» የሚለው ቃል እዚያው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቀረ። በሳምንቱ ቃሬዛ ይዘው መሮጥ ጀመሩ። የኔታ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ለማረም ሞከሩ፣ በኋላ ግን ሰለቻቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ቃላቸውን እንዲያ ሲፈራላቸው ትንሽም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

የኔታ ዘርትሁን የምትባል ሚስት ነበረቻቸው። የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ያ በሽታ ወስዶባታል፤ ሁለቱንም በየተራ ሰዎች በሩጫ ዳገቱን አውጥተዋቸው፣ እሷ ከኋላ ስትንጠባጠብ፣ ጠበሉ ደጃፍ ላይ ቀዝቅዘው ነው ያገኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዘርትሁን ያልደከማት ቀን አልነበረም። ጎህ ሲቀድ የምትነሣው ደክሟት ነው፤ ውኃ የምትቀዳውም፣ እንጨት የምትለቅመውም፣ ለተማሪዎቹ ንፍሮ የምትቀቅለውም እንዲሁ ነው። የምታርፈው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ የኔታ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ሲያስተምሩ እሷ በወዲህ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች። እንዲህ እየሰማች ከብዙ ተማሪ የበለጠ ታውቅ ነበር ይባላል።

አብልጣ የምትወደው ስለ መላእክት ሲነገር ነው። ወደ ዳንኤል የተላከው መልአክ በፋርስ አለቃ ተከልክሎ ሃያ አንድ ቀን መዘግየቱን፣ ሚካኤል መጥቶ ባይረዳው ኖሮ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችል እንደ ነበር ሰምታለች። ሩፋኤል የሰው መልክ ይዞ ከጦብያ ጋር አገር ለአገር መሄዱን፣ ማታ ወንዝ ዳር አብሮት ማደሩንም ሰምታለች። ታዲያ የኔታ ለራት ሲገቡ ትጠይቃቸዋለች፤ እነዚህ ሁሉ መንገደኞች አይደክማቸውም ወይ ትላለች። የኔታም መላእክት ትጉሃን ናቸው፣ ሥጋ የላቸውም፣ ድካም አያውቁም፣ ሩፋኤልም ከሰዎቹ ጋር የበላው የበላ መስሎ ታያቸው እንጂ አልበላም ብለው ያስረዷታል። እሷ ግን ሃያ አንድ ቀን ሲታገል ከርሞ አልደከመውም ማለት ለጆሮም አይጥምም ብላ ትከራከራቸው ነበር። አንድ ቀን ይህን ብላ ስታበቃ ልጆቿን አስታውሳ አለቀሰች። የኔታም ያን ቀን አላረሟትም።

ዓመታት አለፉ። በሽታው ረገበ፣ የኔታ ሸበቱ፣ ዘርትሁን ጎበጠች፣ ሩጫው ግን ይቅር የሚል ጠፍቶ ልማድ ሆነ። አንድ ግንቦት ላይ የኔታን ንዳድ ያዛቸው። አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ፣ ሰው ጠጋ ብሎ ሲነካቸው እንኳ እስኪያቃስቱ ድረስ አጎሳቆላቸው። በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቶች ተሰብስበው ወደ ጠበል ይውጡ አሉ። ፊት ሆኖ የሚሸከመው አድማሱ የሚባል፣ የኔታ ክርስትና ያነሡት፣ ፊደል ያስቆጠሩት ጠንካራ ገበሬ ነበር። ዘርትሁን ቃሬዛው ላይ የሚነጠፈውን እያደላደለች፣ በእግዚአብሔር ይሁንባችሁ ቀስ በሉ አለቻቸው። እነሱም እሺ አሉ፤ ከደጅ እንደ ወጡ ግን እግራቸው በለመደው ሮጠ።

የኔታ የመጀመሪያውን ዳገት ዝም ብለው ቻሉት። በሁለተኛው ላይ አሳርፉኝ አሉ። ማንም አልቆመም። እንደገና አሳርፉኝ አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። አድማሱ እንባው ከላቡ ጋር እየወረደ፣ ሳይዞር መለሰላቸው። «የኔታ፣ እርስዎ ያስተማሩንን እኮ ነው የምንጠብቀው። ትንሽ ይታገሡን» አላቸው። የኔታ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያስተማሩት ነገር አሁን በአራት ሰው ትከሻ ላይ አድርጎ እየሮጠባቸው ነው።

ዘርትሁን ይህን ከኋላ ሆና ሰማች። ሁለቱ ልጆቿም በዚሁ መንገድ አሳርፉን ብለው ይሆናል፣ እሷ ሩቅ ስለ ነበረች አልሰማችም እንጂ። ያን ጊዜ ነው የቆረጠችው። ባሏ እንደማይድን ልቧ ያውቀዋል፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ እንዲያርፍና ፊቱን እንድታየው። መንገዱ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው፤ በመሐል ፍየሎች የሚወጡበት ቀጥ ያለ አቋራጭ አለ። ያቺ የደከማት አሮጊት በአቋራጩ በእጇም በእግሯም እየቧጠጠች ወጣች። ተሸካሚዎቹ ጠምዘዝ ብለው ሲመጡ፣ ድንጋዩ አጠገብ መንገዱን ዘግታ ተጋድማ አገኟት።

በእናት ላይ ተራምዶ ማለፍ አይቻልም፤ በአንድ በኩል ድንጋዩ፣ በሌላ በኩል ገደሉ ነው። አራቱም ቃሬዛውን እንደ ተሸከሙ ቆሙ።

«እማማ፣ ይነሡልን» አለ አድማሱ። «ከኋላችን እየመጣ ነው።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«ያው መልአኩ ነዋ።»

ዘርትሁን ቀና አላለችም፤ እንደ ተጋደመች ነው የመለሰችለት። «ይምጣ። እሱ ዛሬ የመጣ መሰለህ? እኚህ ሰው በተወለዱ በአርባ ቀናቸው ሲጠመቁ የተሰጣቸው ጠባቂያቸው ነው። ስድሳ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይለያቸው ተከትሏቸዋል። እናንተ ከጠባቂያቸው ነው የምትሸሹት፣ ልጄ። እኔም ልጆቼን ስታስሮጡብኝ አብሬ ሸሽቻለሁ፤ አሁን ግን ደክሞኛል።»

ከቃሬዛው ላይ የኔታ፣ «አውርዱኝ» አሉ። «ያሰራችሁ የእኔ ቃል ነው፤ የምፈታችሁም እኔ ነኝ።»

አወረዷቸው። ቃሬዛ በዚያ ዳገት ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር ይባላል። አራቱ ሰዎች ጥግ ይዘው፣ የመጡበትን መንገድ ቁልቁል እያዩ፣ አሁን መጣ አሁን መጣ እያሉ ቆሙ። ከታች የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ፀሐይና ዝንብ ብቻ ነበር። ዘርትሁን አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ተነሥታ የኔታን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ በትከሻዋም ደገፈቻቸው። የኔታ ግን ድንጋዩ መካከል ላይ ነበሩ። ዘርትሁን በሰው ፊት ባሏን አንቱ ብላ እንጂ አንተ ብላ ጠርታ አታውቅም ነበር።

«ጠጋ በል» አለቻቸው። «እሱም ይቀመጥ። አንተን ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ሳይደክመው ይቀራል?»

የኔታ ዐይናቸውን ገልጠው አዩዋት፤ ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «መላእክት እኮ አይደክማቸውም፣ ዘርትሁን። ሰውም አይደሉም።»

«አውቃለሁ። ሩፋኤልም የበላው መስሎ ነው ብለኸኛል። መስሎም ቢሆን ይቀመጥ።»

የኔታ ወደ ግራው ጠጋ አሉ። የቀኙ ግማሽ ባዶ ሆነ። እንደሚነገረው ከዚያ ብዙ ቆዩ፤ የኔታ ውኃ ጠጡ፣ ትንፋሻቸው ሰከነ፣ ዘርትሁንም በነጠላዋ ጫፍ ፊታቸውን እየጠረገች ስታያቸው ቆየች። በመጨረሻ አድማሱን ጠርተው፣ የዚያን እሑድ ትምህርት ሳልጨርስ ነው የሸኘኋችሁ አሉት። መልአኩ ሰይፉን ወደ ሰገባው መልሷል አሉት። ቀጥለውም፣ «መልአኩ የቆመበት ያ አውድማ በኋላ ምን ሆነ መሰለህ? ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው እዚያ ላይ ነው። መልአክ ከቆመበት ቦታ ሰው አይሸሽም፣ ልጄ። ይህን ነበር መንገር የነበረብኝ» አሉ። ከዚህ በኋላ ራሳቸውን ዘርትሁን ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ዐረፉ። ጠበሉ ዘንድ አልደረሱም።

በዚህ ምክንያት ለዘርትሁን ቀላል ጊዜ አልሆነላትም። ባታስቆማቸው ኖሮ ይድኑ ነበር የሚል ብዙ ነበር፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ ቦታ የሚለቅላት የለም። እሷም አልተከራከረችም፤ ለክርክር ጉልበት አልነበራትም። አንዳንድ ቀን ብቻዋን ዳገቱን ወጥታ በግራው በኩል ቁጭ ትል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአድማሱ እናት ታመመችና፣ አድማሱ ተሸካሚዎቹን ራሱ ድንጋዩ ዘንድ አስቆማቸው። እናቱን በግራው በኩል አሳረፋት፤ ለምን አቆምከን ሲሉትም፣ የየኔታን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ ብቻ አላቸው። ያቺ ሴት ዐርፋ ወጥታ፣ ተጠምቃ፣ ሦስት ዓመት ኖረች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሌላውም ማሳረፍ ጀመረ፤ ቀስ በቀስ የሚሮጥ ሰው ጠፋ።

ዘርትሁን በመጨረሻ ስትታመም እሷንም በቃሬዛ አወጧት። ሰውነቷ አልቆ ስለ ነበር የተሸከሟት ሰዎች ክብደት አልተሰማቸውም ይባላል። ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ እንዳትወድቅባቸው ፈርተው መካከል ላይ አስተኟት። እሷም መናገር ካቆመች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር፤ ግን እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ ትንሽ እያረፈች ትንሽ እየገፋች፣ ወደ ግራው ዳር እስክትደርስ ድረስ ራሷን ጎተተች። ሊረዷት ቢሉ እጃቸውን መለሰችው። እንደ ምንም ከደረሰች በኋላ ፊቷን ወደ ባዶው በኩል አዞረችና ዐይኗን ከደነች።

ዛሬ ድንጋዩን ያየ ሰው ልዩነቱን ሳይነግሩት ያውቀዋል። የግራው ግማሽ የስንት ዘመን ደካማ ተቀምጦበት ተሞርዶ ያብረቀርቃል፤ መካከሉም ጎድጉዷል። የቀኙ ግማሽ ግን የድንጋይ ሽበት ለብሶ፣ ሻካራነቱ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዳለ ነው። ይህን ያየ እንግዳ አንዳንዴ ይጠይቃል፤ በዚህ በኩል የሚቀመጥ አለ ካላችሁ ድንጋዩ ለምን አልተሞረደም ይላል። ሽማግሌዎቹ ዳገቱ አድክሟቸዋልና ብዙ አይመልሱለትም። «የሚቀመጠው መስሎ ነው» ይሉትና ወደ ግራው ጠጋ ይላሉ።