ዳንቴል የለበሰው ፕሮሰሰር

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ ጥያቄ ያለው ጥያቄውን ይዞ ይቅረብ።

ድሮ ድሮ፣ ድሮ ስላችሁ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ያለውን ድሮ ማለቴ ነው፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ነበሩ። በኮምፒውተራቸው ሳጥን ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነ አንድ ርካሽ፣ አሮጌ ፕሮሰሰርና አንዲት ነገር መጠየቅ የማይሰለቻት ሸረሪት።

አንድ ቀን ወይዘሮ የሺመቤት ተናደዱ።

«አንድ ገጽ ለመክፈት ግማሽ ቀን! ነገ ቆራሌው ሲመጣ በሳፋ እለውጠዋለሁ!» አሉ።

ፕሮሰሰሩ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ቆራሌው የወሰደው አሮጌ ዕቃ መጨረሻው መዶሻ ነው። ሸረሪት ግን ከማልቀስ መጠየቅ ይሻላል ብላ ጀመረች።

«ስንት እጅ አለህ?»

«ሁለት፤ ሰዎች ኮር ይሏቸዋል። የዛሬዎቹ ስምንት አላቸው አሉ።»

«እኔም ስምንት እግር አለኝ፤ ግን አንድም ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ፍጥነትህስ?»

«ሁለት ነጥብ አምስት ጊጋኸርዝ። አንቺ ‹አንድ› ብለሽ ሳትጨርሺ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ እመታለሁ።»

«ኪስህስ?»

«መረጃ የምይዝበት ኪሴ ሁለት ሜጋባይት ብቻ ነው። ኪሴ ያልያዘውን ከማስታወሻዋ ከራም አስመጣለሁ።»

«ታዲያ ምን አንቀረፈፈህ?»

«ሙቀት! ሰውነቴ ሲግል እርምጃዬን እቀንሳለሁ፤ ካልቀነስኩ ተቃጥዬ እሞታለሁ።»

«ማን አጋለህ?»

«እኔ ከተሰካሁበት ተነስቼ አላውቅ፤ ምን አውቄ!»

ሸረሪት ክሯን ይዛ ወደ ራም ወረደች። «አንቺ ነሽ የምታዘገዪው?»

«እኔ? ያዘዘኝን ይዤ ቆሜ ነው የምውለው፤ የሚቀበለኝ አጣሁ እንጂ!»

ወደ ማራገቢያው ሄደች። «አንተ ነህ ሥራ የፈታኸው?»

«ኧረ ስዞር ነው የምውለው! ግን ያስወጣሁት አየር ተመልሶ ይመጣብኛል። አፌ ላይ አንድ ነጭ ነገር ተኝቶበታል።»

ሸረሪት በቀዳዳው ሾልካ ወጣች። ነጩ ነገር ዳንቴል ነው! ወይዘሮ የሺመቤት አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ በገዛ እጃቸው በኪሮሽ ሠርተው፣ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አልብሰውታል።

«እሜቴ ዳንቴል፣ ፕሮሰሰሩን አፍነሽ ልትገድይው እኮ ነው! ውረጂለት።»

«እኔ ልውረድ? እኔ የቤቱ ጌጥ! ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው።»

«እሺ፤ ነገ ሳጥኑ ሲሄድ ምን ላይ ትነጠፊያለሽ? ሳፋው ላይ?»

ዳንቴል ጫፏን ሰብሰብ አደረገች። ሳፋ ላይ የተነጠፈ ዳንቴል እሷም አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁ።

በማግስቱ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ሰውየው ቀይ ሳፋውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሁለት ኮር ነው። ሳፋውም ይበዛበታል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ቆይ ልጄ፣ የመጨረሻዋን ማመልከቻ ልጨርስ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ መክፈቻውንም ተጫኑ። ሳጥኑ እንደ ልማዱ ይግል ጀመር።

ዳንቴል ጨነቃት። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ተንሸራተተችና መሬት ወረደች።

ማራገቢያው እፎይ አለ። ፕሮሰሰሩ በረድ አለለት። በሁለት እጁ ገጹን ከፈተ፣ ማመልከቻውን ጨረሰ፣ ለማተሚያው ሰጠ። ወይዘሮ የሺመቤት ወረቀቱን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ፣ መሬት የወደቀውን ዳንቴል አዩ።

«እኔን አፈር ይብላኝ! ያፈንኩህ እኔ ነኝ ለካ!» አሉ።

ቆራሌው ሳፋውን እንደያዘ ተመለሰ። ዳንቴልም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳጥኑ ሥር ተነጠፈች፤ ጌጥነቷ አልቀረባትም።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ፦ ሰነፍ ከማለትህ በፊት፣ ያለበስከውን ግለጥለት።