የደጃዝማች ሥርና የሽባባው ቅጠል

ይህን የሰማሁት ከእናቴ አጎት ከአያ ውድነህ ነው፤ በተለያየ ቀን፣ ሦስት ጊዜ። ማስታወሻ የያዝኩት ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አሳስቼ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው ያመጣው ሥር ሰባት ነበር ብዬ ጽፌአለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ «ወይስ ዘጠኝ?» የሚል አለ። የሽባባውን መልሶች ግን አያ ውድነህ ሦስቱንም ጊዜ ቃል ሳይለውጡ ስለነገሩኝ እንደሰማኋቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ጎጃም ውስጥ ደጃዝማች አየናቸው የሚባሉ ባላባት ነበሩ። ሽባባው የእሳቸው አጫዋች ነው፤ ከማዕዱ ግርጌ ተቀምጦ ጌታውን ማሳቅ ሥራው። እናቱ መድኃኒት አዋቂ ስለነበሩ ቅጠል ያውቃል፤ ይህን ግን ብዙ ሰው አያስታውስለትም ነበር።

አንድ ቀን ከምጥዋ የመጣ ነጋዴ ለደጃዝማች እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ሰባት ጥቁር ሥሮች አሳያቸው። ከቻይና የመጣ ነው፣ ተወቅጦ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ደም ያቆማል አላቸው። ደጃዝማች ምርጥ በቅሏቸውን ከነኮርቻዋ ሰጥተው ሥሩን ወሰዱ። የብር ሙዳይ አሠርተውለትም አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። በማግስቱ ግብር ላይ ሙዳዩን ከፍ አድርገው፣ «ከእንግዲህ በጦር ሜዳ ይህ ከአንገቴ አይወርድም!» አሉ። በዘመቻ ሁሉ ድንኳናቸው ከስንቅ ጫኞች ኋላ እንደሚተከል የማያውቅ አልነበረም።

ሽባባው እጅ ነስቶ፣ «እንግዲያ ሳይነካ ለልጅ ልጅ ይተርፋላ፣ ጌታዬ!» አለ።

ሰዉ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ደጃዝማችም ሳቁ ይባላል፤ ይህን አላረጋገጥኩም።

ሌላ ጊዜ ደጃዝማች ሲላጩ ምላጩ ጆሯቸው ሥር ጫር አደረጋቸው። ግቢው ተተራመሰ። ሙዳዩ ተከፈተ፣ ሙቀጫ መጣ፣ አንድ ሙሉ ሥር ተወቀጠ። ሽባባው ጎንበስ ብሎ ጆሯቸውን ከግራም ከቀኝም ሲመረምር ቆየና ወቃጩን ጮኸበት፦

«ቶሎ በል እንጂ አንተ ሰው! ትንሽ ከዘገየህ በራሱ ይድናል!»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ማንደፍሮ የሚባል ጭሰኛ ለደጃዝማች አጥር እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው አዳልጦት ቅልጥሙን መታው። በጨርቅ ቢያስሩት ጨርቁ ራሰ፤ ሌላ ቢደርቡ እሱም ራሰ። ሚስቱ አትጠገብ ሮጣ ደጃዝማች እግር ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ በእግዜር! ከዚያ ሥር ቅንጣት ይስጡኝ። ሰውዬው አለቀብኝ!»

ደጃዝማች ሙዳዩን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ። «ባሕር ያቋረጠ መድኃኒት ለጭሰኛ ቅልጥም? ሂጂ፣ አመድ ነስንሺበት።»

ሽባባው ይህን ሰምቶ ተነሣና ወጣ። በዚያ አገር መድኃኒት ሊቆርጥ የወጣ ሰው፣ ቅጠሉን ሕመምተኛው ላይ እስኪያሳርፍ ማንንም አያናግርም፤ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። የቅጠሉንም ስም ለሰው አይነግርም። ደጃዝማች ከበሩ ሆነው፣ «አንተ ሽባባው! ወዴት ነው?» እያሉ ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ዝም አላቸው። ከአጥሩ ሥር አንድ እሾሃም ቅጠል ቆረጠ፣ በድንጋይ አደቀቀው፣ በማንደፍሮ ቁስል ላይ ጭኖ በነጠላው ጥለት አሰረው። ደሙ ቀነሰ፤ ቆየት ብሎም ቆመ።

አትጠገብ እንባዋን እየጠረገች፣ «አያ ሽባባው፣ እሾሁ ጣቶችህን አደማቸው እኮ!» አለችው።

«ሂጂና ለደጃዝማች ንገሪልኝ። ሙዳዩን ባይከፍቱልኝ እንኳ ይስቃሉ፤ ሥራዬ እሱ ነው።»

ደጃዝማች ግን አልሳቁም። ጌታው ስጠራው አልመለሰም፣ ከርስቴም መድኃኒት ሰረቀ ብለው ከሰሱት፤ ቅጣቱ አርባ ጅራፍ ነው። ለዳኝነት የመጡት አዛዥ ቢሻው ሦስት ቀን የደጃዝማችን ጠጅ ሲጠጡ ሰንብተው ችሎት ተቀመጡ።

«ጌታህ ሲጠሩህ ለምን ዝም አልክ?»

«ጌታዬን በኋላ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ነው። ደም ግን በኋላ ቢሉት አይሰማም።»

አዛዥ ቢሻው የመድኃኒት ቆራጭን ሥርዓት ስለሚያውቁ ይህን ክስ አለፉት። «እሺ፣ የቅጠሉን ስም ተናገርና ደጃዝማችም ይወቁት፤ ጅራፉንም ላስቀርልህ።»

«ስሙን ብናገር ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። ደጃዝማች ካወቁት ደግሞ ቅጠሉም ይጠፋል።»

«እንግዲያ የሌብነቱ ክስ ገና አለብህ» አሉና ዳኛው ወደ ከሳሹ ዞሩ። ከብት የጠፋበት ሰው ምልክቱን ሳይናገር ሌባ ብሎ መክሰስ አይችልም፤ ቅጠልም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። «ደጃዝማች፣ የተሰረቁትን ቅጠል ምልክት ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ ክሱ ይወድቃል፤ ሽባባውም በነፃ ይሄዳል።»

ደጃዝማች አሰቡ። በየማለዳው በዚያ አጥር ሥር በበቅሎ ያልፋሉ። «አረንጓዴ ነው» አሉ። «ሌላስ?» አሉ ዳኛው። «ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ምን ምልክት አለው!» ብለው ጮኹ።

ሽባባው እጅ ነሣ።

«አንድ አለው፣ ጌታዬ፤ በቅሎ አላስወጣዎትም።»

ባለፈው ጥቅምት ቦታው ድረስ ሄጄ ነበር። አጥሩ የለም፤ እሾሃሙ ቅጠል ግን ወገቤ ድረስ በቅሏል። ስሙን እኔም አልጽፍም። አንዱን ቆርጬ በወረዳችን መንገድ ለሚሠራ ቻይናዊ አሳየሁት። አስተርጓሚው እንደነገረኝ፣ ይህን የሚመስል እሾሃም ቅጠል በሰውዬው መንደርም በየማሳው ይበቅላል፤ ገበሬ ማጭድ ሲቆርጠው አድቅቆ ቁስሉ ላይ የሚያደርገው እሱን ነው። ስለ ጥቁሩ ሥርም ጠየቅሁት። ያውቀዋል፤ ገበሬ አባቱ ግን ዋጋው ስለማይቀመስ አንድም ቀን በእጁ ይዞት አያውቅም።