በዓባይ ቁልቁለት ለወለተ ኪዳን የተደረገላት ተአምር

«ቸርኬውን አትቀቢ አልኩሽ እኮ! ቅብዐ ቅዱስም ቢሆን ዘይት ዘይት ነው» አለ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሽ ወንድይራድ።

«እመቤቴ እንድትጠብቀው ነዋ» አለችው ዘርትሁን፥ ጣቷን በቅባቱ እየነከረች። መሪውን ቀባች፥ ኮርቻውን ቀባች፥ ከዚያም የሁለቱን ጎማዎች ቸርኬ ዙሪያውን ቀባች።

«እሷስ ትጠብቀው። ፍሬኑ ምኑን ይያዝልሽ?»

«ጋሽዬ ደግሞ፥ እምነት የለህም!» ብላ ሳቀችና በማለዳው ወጣች።

ምእመናን ሆይ፥ ይህች ዘርትሁን በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን የምትባል፥ እመቤታችንን የምትወድ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበረች፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ፔዳል አትረግጥም ነበር። ስእለትም ነበረባት፤ ከዳገት አናት ሁሉ ስትደርስ ትወርድና ሦስት ጊዜ ትሰግድ ነበር፥ በውድድር ቀንም ቢሆን፥ ስለዚህም አንድ ቀን እንኳ ዋንጫ አላገኘችም። ባልደረቦቿም «ዘርዬ፥ ሰግደሽ እስክትመጪ ምሳ እናስቀምጥልሽ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። የማትስቅባት አገርነሽ ብቻ ነበረች። አገርነሽም በወሊድ ሞተች፥ ከመሞቷም በፊት «ልጄን ክርስትና አንቺ አንሺልኝ» አለቻት።

የሕፃኗም አያት አቶ ገላጋይ ከዓባይ ወንዝ ማዶ ይኖሩ ነበርና «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻት እርሷው ታሳድጋት» ብለው ቃል ሰጡ። ዘርትሁን ካልደረሰች የምታነሣት የሕፃኗ አክስት ድንቄ ነበረች። ድንቄም ሕፃኗን ወደ ሩቅ አገር ልትወስዳት ጓዟን አስራ ነበር።

ሰማንያኛው ቀን በፍልሰታ ጾም ዋለ። በዋዜማው የዘነበው ዝናብ ናዳ አውርዶ የበረሃውን መንገድ ዘጋው፥ መኪናም ቆመ። ክርስትናው በአራት ሰዓት ነው። ቁልቁለቱ ሃያ ኪሎ ሜትር። ከዚያ ድልድዩ። ከዚያ ዳገቱ፥ ሌላ ሃያ።

ዘርትሁንም በዚያ ማለዳ የቀባችውን ብስክሌት ይዛ ወረደች። አንድ ጥምዝ። ሁለት። ጭጋግ። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ዳር። በሦስተኛው ጥምዝ ፍሬኑን ጨበጠች፥ ፍሬኑም አልያዘም። እንደገና ጨበጠች፥ ላስቲኩም በቅባቱ ላይ ተንሸራተተ፥ ብስክሌቱም ፍጥነቱ ባሰበትና ነፋሱ ዓይኗን አስለቀሳት፥ በግራዋ ገደል በቀኟ አለት ነበር፥ ከፊቷም ናዳው እንዳለ ታውቅ ነበርና እግሯን ወደ አስፋልቱ ብታወርድ የጫማዋ ሶል ተቃጠለ። ያን ጊዜ ጮኸች፤ «እመቤቴ፥ ሞኝ ነኝ! ስለ ፍቅርሽ ነው የቀባሁት! ልጅቱን ሳላነሣ አትጣይኝ!»

ከዚያም ብስክሌቱ ከበዳት። ሰው ከኋላ እንደ ተቀመጠበት ከበዳት፥ የኋላው ጎማ መሬቱን ተጫነና ፍጥነቱ በየጥምዙ እየበረደ ሄደ፤ ዞራ ልታይ ፈለገች፥ አልደፈረችም። ለናዳው አንድ ክንድ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች።

ናዳውን የሚጠርጉት ሠራተኞች አካፋቸውን ይዘው ያዩ ነበር። «አንቺ! በዚህ ቁልቁለት ሰው ታፈናጥጫለሽ?» ብሎ አንዱ ተቆጣ።

«ማንን?»

«ሴትዮዋን ነዋ፥ የተከናነበችውን። የት ወረደች?»

ዘርትሁንም ዞራ ብታይ መንገዱ ባዶ ነበር፥ ብስክሌቱም ሰው የሚቀመጥበት የኋላ መጫኛ አልነበረውም። ቸርኬውን በጣቷ ዳሰሰች። ደረቅ ነበር። የተቆጣት ሰው ባርኔጣውን አወለቀ፥ ሠራተኞቹም ብስክሌቷን በትከሻቸው ተሸክመው ናዳውን አሻገሯት።

ድልድይ። ዳገት። ሙቀት። ሰዓቷን አየች። ጥቂት ወጥታ ደግሞ አየች። ጾመኛ ነበረችና አፏን በውኃ አላረሰችም፥ ላቧም ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። አፋፉ ላይ ስትደርስ ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። «ዛሬስ ወርጄ አልሰግድም፥ ይቅር በይኝ» አለች። እግሯ ግን ከዳትና ከብስክሌቱ ወደቀች፥ በጉልበቷም ተደፋች፤ ተነሣችና ወደቀች፥ ተነሣችና ሦስተኛ ወደቀች። ስግደቷም ተቆጠረላት።

ከአፋፉ አጠገብ ባለው ክርስትና ቤት ቄስ ኅሩይ «ስለዚህች ሕፃን ሰይጣንን የምትክድላት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ፥ ድንቄም ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ልትዞር ስትል ዘርትሁን በጭቃ ተለውሳ ከደጁ ቆመች።

«እንዲህ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል?» አለች ድንቄ።

አቶ ገላጋይ የተቃጠለውን ጫማ አዩ። «ድንቄ፥ ስጫት» አሉ።

«አባዬ፥ እኔ እኮ ሥጋዋ ነኝ!»

«ነሽ። እናቷ የጠራችው ግን እርሷን ነው።»

ድንቄም የሕፃኗን እግር ስማ ሰጠቻት። ዘርትሁንም ፊቷን ወደ ምዕራብ መልሳ ሰይጣንን ካደች፥ ወደ ምሥራቅም ዞራ አመነች፥ እንባዋም በሕፃኗ ላይ እየወረደ «እመቤቴ፥ አደረስሽኝ፤ ምን እከፍልሻለሁ?» እያለች አመሰገነች።

ይህን የምትሰሙ ሁሉ፥ እንደ ወለተ ኪዳን ብትሳሳቱ እንኳ ስለ ፍቅሯ ያደረጋችሁትን እመቤታችን አትርሳባችሁ፥ በምትቸኩሉበትም መንገድ ሁሉ ትቅደማችሁ፤ አሜን።

ክርስትናውም ተፈጽሞ ዘርትሁን ሕፃኗን ታቅፋ ስትወጣ ዲያቆኑ የክርስትና ቤቱን በር ዘጋው።