ጉማሬ ሊያሳይ የወረደው ሸማኔ

«አንድ ሸማኔ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምሬ ይታገሱ።

ይህን ያወሩት ለጎረቤታቸው ለስንዱ ነው። ጓደኛዋ ደብሪቱ ልጇ ሞቶባት፣ የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ ወዲህ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም። ስንዱ ጨነቃትና «የእድሩን ሴቶች ሰብስቤ እንግባባት ወይስ ብቻዬን ልሂድ? ብቻዬን ብሄድ ደግሞ ታስወጣኛለች ብዬ እፈራለሁ» ብላ ጠየቀቻቸው። መምሬ የሸማኔውን ነገር አመጡላት።

ሸማኔው የደጋ ሰው ነው፤ ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ነው። እናቱ ግን የሐይቅ ዳር ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ተድራ ወደ ደጋ ከወጣች በኋላ ያን ሐይቅ ዳግም አላየችውም። ስታረጅ ልጇን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። «ዓይኔ ሳይጠፋ ጉማሬ አሳየኝ» አለችው። እሱም «ይህን ሥራ ልጨርስና» እያለ ሲያዘገይ ቆየ። አንድ ቀን ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት ስትደናበር አያት። ሥራውን እንዳለ ትቶ ይዟት ወረደ።

ሐይቁ ዳር ጉማሬ ማየት ለሚፈልግ ሁለት መሄጃ ነበር። አንደኛው ሞተርና ጣሪያ ያለው፣ ብዙ ሰው የሚጭን ትልቅ ጀልባ ነው። ሌላው ከደንገል የታሰረ ታንኳ ነው፤ ከቀዛፊው ሌላ ሁለት ሰው ቢይዝ ነው። ሸማኔው ታንኳውን ሲያይ ፈራ። እናቱን በሣር እስር ላይ አስቀምጦ ጥልቅ ውሃ መግባት እብደት መሰለው። ደግፎ ትልቁ ጀልባ ላይ አወጣት።

ጀልባውስ ደህና ነበር፤ ሳይናወጥ ሄደ። ጉማሬዎቹ ዘንድ ሲደርሱ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ ብሎ እየተጠራራ ወደ አንድ ወገን ተገፋፋ። ሞተሩም ያጓራል። አሮጊቷ በሰው ጀርባ ተጋርዳ አንገቷን ስታሰግግ ጉማሬዎቹ ጠለቁ። የቀረው ክብ እየሠራ የሚሰፋ ውሃ ብቻ ነው።

«አየሽ እማዬ?» አላት።

«አየሁ ልጄ፣ ተመስገን» አለችው።

ሸማኔው እናቱን ያውቃታል። እሱን ላለማሳዘን ብላ እንደዋሸች ገባው፤ እራት አልበላ አለው።

በማግስቱ ጠዋት ታንኳ ተከራየ። ውሃው ከተቀመጠበት እምብዛም አይርቅም፤ የደንገሉን ጠርዝ አጥብቆ ከመጨበጡ የተነሳ ጣቶቹ ነጡ። ቀዛፊው ዝምተኛ ሰው ነው። ቀስ ብሎ እየቀዘፈ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ያለበት ቦታ አደረሳቸው።

«ቅረብ፣ ትንሽ ቅረብ» አለ ሸማኔው። እናቱ ዛሬ በደንብ እንድታይለት ጓጉቷል።

ቀዛፊው እያመነታ ቀረበ። ትልቁ ጉማሬ አፉን በረገደና አጓራ፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ጠለቁ። ማዕበሉ ታንኳውን አወዛወዘው፤ የአሮጊቷም ቀሚስ ራሰ።

«አሁን የት እንዳሉ አላውቅም» አለ ቀዛፊው። «ልመለስ?»

ሸማኔው ‹ተመለስ› ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዞሮ እናቱን አያት። ቀሚሷን እንኳ አልጨመቀችም። ጉማሬዎቹ የጠለቁበትን ቦታ እያየች ትጠብቃለች።

«ወደ ኋላ ራቅ አድርገንና አቁመው» አለ። «ከዚያ አትቅዘፍ። እንቀመጥ።»

ቀዛፊው ራቅ አድርጎ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ዝም አሉ። ፀሐይ ከረረች፣ እግራቸው ደነዘዘ፤ ሸማኔው ፍርሃቱ አልለቀቀውም፣ ሳሉን ግን ዋጠ። ብዙ ከቆዩ በኋላ አንድ አፍንጫ ብቅ ብሎ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ ሌላ። በመጨረሻ አንዲት እናት ጉማሬ ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወጣች። አየቻቸው፤ ተመልሳም አልጠለቀችም።

አሮጊቷ የልጇን ክንድ ያዘች።

«ግልገሉን አየኸው?» አለችው በሹክሹክታ።

ሸማኔው ጉማሬዋን ትቶ የእናቱን ፊት ሲያይ ነበርና «አየሁ» ብሎ በተራው ዋሸ።

መምሬ ይታገሱ እዚህ ላይ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«እድሩ ትልቁ ጀልባ ነው» አሏት። «አልነቅፈውም። የቀብሩ ዕለት ያ ሁሉ ሰው ባይሸከማት ኖሮ ደብሪቱ ያኔውኑ ትሰጥም ነበር። አሁን ግን ጠልቃለች፤ ሰው በብዛት ሲመጣባት ይብሱን ትጠልቃለች። ስለዚህ በታንኳው ሂጂ፣ ብቻሽን። ስትሄጂ ደግሞ ካልቀረብኩ አትበዪ። ‹እንዴት ሆንሽ፣ ምን ተሰማሽ› እያልሽ አታስጨንቂያት። ፈንጠር ብለሽ ተቀመጪና ምስሯን ልቀሚላት። መፍራትሽ አይቀርም፤ ሸማኔውም እየፈራ ነው የተቀመጠው። አንድ ቀን ለመተንፈስ ብቅ ትላለች፤ ያን ጊዜ እዚያው ትገኛለሽ።»

ስንዱ ግን ጠየቀቻቸው።

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ባትወጣስ፣ አባቴ?»

«ነገም ትሄጃለሻ» አሏት።