የማያልቀው ብልቃጥ

አንድ መድኃኒት የሚያድል ሰው ነበረ፤ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ጀርባ። ቁጭ በል፣ ናሁሠናይ። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «እትዬ ዘነቡ፣ በግልጽ ነግሬያት፣ እሷም እሺ ብላኝ ከሄደች በኋላ ጥፋቱ የማን ነው?» ነው ያልከኝ። እናትየዋ አንተ ያደልካትን ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ ፋንታ በሾርባ ማንኪያ ለልጇ ስትሰጣት ሰንብታ ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ተዝለፍልፋ መጣች። ተርፋለች፤ ተመስገን ነው። አንተ ግን አልጋዋ ጋ ሳትደርስ፣ እንዴት አደረች ሳትል፣ ጥፋቱ የማን ነው እያልክ እኔ ዘንድ መጣህ። ደሜን ያፈላው እሱ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ስለሆንኩ ፍርድ ስጪኝ ማለትህ ነው። ፍርድ አልሰጥህም። ስለዚህ ሰው እነግርሃለሁ፤ እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። የተማረ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ አንዱን መድኃኒት ካንዱ የማያሳስት ሰው ነበረ። እጁም ንጹሕ ነበረ። በዚያ ሆስፒታል ደግሞ አንድ ደንብ ነበረ። የሕፃናት ሽሮፕ አንዳንዱ በብልቃጥ ውስጥ ደረቅ ዱቄት ሆኖ እንደሚመጣ ታውቃለህ። ብልቃጡ ላይ ምልክት አለ፤ እስከዚያ ድረስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨመርበትና ይበጠበጣል። ይህን ማድረግ የመድኃኒት ቤቱ ሥራ ነበረ። እናት የምትወስደው ተበጥብጦ ያለቀለትን ነው። ለዚህም ሲባል ጠዋት ጠዋት ውሃ ይፈላና በጀሪካን ከሰውየው ጎን ይቀመጥለት ነበር።

ሰልፉ ግን በዛበት። አንዱን ብልቃጥ በጥብጦ፣ አረፋው እስኪወርድ ጠብቆ፣ የጎደለውን ሞልቶ እስኪሰጥ ድረስ ከኋላ ያለው ሰው ይንጫጫል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ተወው። ዱቄቱን እንዳለ እየሰጠ፣ ቤትሽ ገብተሽ ጨምሪበት ማለት ጀመረ። ይህ ደግሞ ይፈጥናል። ውሃው ከጎኑ አለ እኮ! ሻዩን ያፈላበት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

አንድ ቀን አንዲት የገበሬ ሚስት ልጅ አዝላ መጣች። ልጁ ገና ድክ ድክ የሚል ነው። የሳንባ ምች ይዞት ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሐኪሙ አየውና በጊዜ ደርሰሽበታል፣ ይህን መድኃኒት በትክክል ከወሰደ ይድናል አላት። ይድናል ነው ያላት። ወረቀቷን ይዛ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ሰውየው ብልቃጡን በመስኮቱ አሳልፎ እንዲህ አላት፦

«ውሃ አፍልተሽ፣ ሲቀዘቅዝ እስከ ምልክቱ ጨምሪ። በሻይ ማንኪያ ጠዋትና ማታ ስጪው። ሳያልቅ እንዳታቋርጪ።»

እስቲ ከዚህ ውስጥ ስሕተት አውጣ። አታገኝም። እሷም «እሺ ጌታዬ» አለች። ፊቷን አላየውም፤ መስኮቷ እጅ እንጂ ፊት አታሳልፍም። ከኋላ ያሉት በክርን ይገፏታል፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ያቃስታል፣ ሰውየው ቀጥሎ ብሎ ሌላውን ጠርቷል። አንተ ብትሆን በዚያች ሰዓት ምን ትጠይቃለህ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ትለኝ ይሆናል። እሷ የፈለገችው ደጃዝማችነት አይደለም፣ የልጇን ነፍስ ነው። ደግሞስ አገርህን አታውቅም? እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲናገር እሺ ይባላል። ገባም አልገባም እሺ ይባላል። አልገባኝም ማለት ያሳፍራል፤ ይሉኝታ አለ። አንተ ራስህ እኔ ስናገር ስንት ጊዜ ሳይገባህ እሺ ብለኸኛል።

ቤቷ ገባች። ይህች ሴት እንዴት ያለች ጠንቃቃ መሰለችህ! ለመድኃኒቱ ውሃ ብቻ የሚሆን ድስት ለየች። አፈላች፣ ከደነች፣ አቀዘቀዘች፣ እስከ ምልክቱ ጨመረች፣ በጠበጠች። የሻይ ማንኪያ አልነበራትምና ከጎረቤት ተዋሰች። ለልጁ ሰጠችው። በማግሥቱ ትኩሳቱ በረደለትና ጡት ጠባ፤ አባትየው ሲያነሣው ፈገግ አለ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው።

ከዚያ ብልቃጡን ብታየው ከምልክቱ ወርዷል። እስከ ምልክቱ ተብላለች። ስለዚህ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ እስከ ምልክቱ መለሰችው። ማታም ሰጠችውና ሞላችው። በየቀኑ እንዲሁ። አትሳቅ። ሞኝ እንዳትመስልህ። ጠላ ስትጠምቅ ያደገች ሴት ናት፤ ከጋኑ ሲቀዳ ድፍድፉ ላይ ውሃ ይጨመርበታል፤ እናቷም አያቷም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቢቀጥንም ጠላ ነው፣ ይጠጣል። ዱቄቱም ውሃ ሲነካው መድኃኒት ሲሆን በዓይኗ አይታለች። ከዚህ ሌላ ማን ምን ነገራት? ውሃ ሲደጋገምበት ድፍድፍ መጨረሻው ቅራሪ ነው። ልጁም ቅራሪ ሲጠጣ ሰነበተ።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ሳሉ ባሰበት። ባሏ ወደ ሆስፒታል እንውሰደው አላት፤ እምቢ አለች። ሳያልቅ እንዳታቋርጪ ብለውኛል፣ መድኃኒቱ ገና ሙሉ ነው አለችው። ብልቃጡን አንሥታም አሳየችው። እውነትም ሙሉ ነበር። ባልየውም ምን ይበል? የተማረ ሰው ቃል ነው። ጎረቤቶቹም እንግዲያውስ ይጨረስ አሉ። እንግዲህ ንገረኝ፣ ያ ብልቃጥ መቼ ነው የሚያልቀው? የታዘዘችውን ሁሉ አንድም ሳታጎድል ፈጸመች፤ በዚህም ምክንያት ልጁ ሐኪም ሳያየው ቤት ውስጥ ከረመ።

በመጨረሻ ልጁ ጡት መያዝ ሲያቅተው ባልየው ከእጇ ነጥቆት ሮጠ። እሷም ብልቃጡን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ተከተለችው። ሲደርሱ የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። ሐኪሙ መድኃኒቱን አልሰጠሽውም እንዴ ብሎ ተቆጣት። እሷ ቋጠሮዋን ፈትታ ብልቃጡን ሰጠችው። ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ በወዲያኛው በኩል የቆመ ሰው ይታይበታል። የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ሰውየው ተጠራ። ሐኪሙና የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ባሉበት፣ ዱቄቱን ለምን ሳትበጠብጥ ሰጠሃት ተባለ። ሰልፍ ስለነበረ ነው፤ ግን አንድ ሳላስቀር ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች አለ። ልክ እንደ አንተ። ወደ እናቲቱ ዞረው እውነት ነው ወይ አሏት። ልጇ ገና አልተገነዘም። ቀና ብላ ሰውየውን አየችው፤ ፊቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

«አዎን፣ ነግረውኛል» አለች። «እሳቸው አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰውየው እፎይ አለ። ሰማኸኝ? እፎይ አለ። ልጅ የሞተባት ሴት ቆማ መሰከረችለት፣ እሱም ምስክርነቷን ተቀብሎ ወጣ። የልጅሽን ነፍስ ይማር እንኳ ሳይላት። ማንም አልፈረደበትም፤ ምን ብሎ ይፈርድበታል? የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበረ። መስኮቱ ጋ ሲመለስ ሰልፉ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። ወንበሩን ስቦ ቀጥሎ አለ።

እንግዲህ ናሁሠናይ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ቀና በልና እየኝ። ጥፋቱ የማን ነው ያልከኝ ነጻ ነህ እንድልህ ነው። ነጻማ ነህ። ማንም አይከስህም። የዛሬዋን እናት ብጠራት እሷም ትመሰክርልሃለች፤ ይኸው እዚያ አልጋ ሥር ተቀምጣ ራሷን ስትረግም ነው ትቻት የመጣሁት። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። እኛ ሰልፍ በዛ ብለን የጣልነውን ሸክም እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች፤ ከዚያም አልፋ ይቅርታ ትለምነናለች።

አንተ ቃልህ ከአፍህ ሲወጣ ሥራህ ያለቀ ይመስልሃል። መድኃኒት በመስኮት ስላለፈ ብቻ ተሰጠ አይባልም። የተሰጠው የልጁ ጉሮሮ ሲደርስ ነው፣ ያውም በልኩ። ስለዚህ ተነሥና መጀመሪያ ልጅቷን እያት። እናትየዋን ይቅርታ በላት፤ እሷ ሳትቀድምህ። ከዚያ መስኮትህ ጋ ስትመለስ የምትመጣውን እናት ወደ ውስጥ አስገባት። ማንኪያውን አስይዛት። ቤትሽ ገብተሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ነገስ፣ ሲጎድልስ፣ ትኩሳቱ ሲመለስስ በላት። ሰልፉ ይንጫጫ፤ የሚንጫጫ ሰው በሕይወት ያለ ነው። እሺ ካለችህ አትመናት። በራሷ አፍ ተናግራ፣ በራሷ እጅ ለክታ እስክታሳይህ ድረስ ያ መድኃኒት ከእጅህ አልወጣም፤ ልጁም ገና ያንተ ልጅ ነው።